ዜሮ ዓመት ልምድ፣ ዜሮ ዘመድ፦ ሐዋሳ ላይ የመጀመሪያውን የሕግ ሥራ በሰው በኩል ማግኛ መንገድ

ደመወዝ ያለውን የመጀመሪያ ሥራዬን የጠቆመኝ ዳኛ አይደለም። ጠበቃም አይደለም። ፍርድ ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ልጅ ነው።

ተመርቄ ሰባት ወር ያለ ደመወዝ ቆይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ችሎት ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ስወጣ ደግሞ የሰበር (የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻ ችሎት) ውሳኔ ኮፒ ለማስነሳት እሱ ጋ ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን ወረቀቱን እየቆጠረ፣ "እዚህ ፎቅ ላይ ያሉት ጠበቃ ረዳታቸው ባንክ ገባባቸው፣ ትናንት እዚሁ ቆመው ሲማረሩ ነበር፤ ለምን አትሄጂም?" አለኝ። በዚያው ደረጃውን ወጣሁ። ጠበቃው ቀና ብለው አዩኝና፣ "አንቺ ሁሌ ከኋላ ተቀምጠሽ የምትጽፊው ልጅ አይደለሽም?" አሉ። ሲቪዬን እንኳ ያዩት ከሳምንት በኋላ ነው።

ኔትወርክ የሚባለው ቃል እኛ ዘንድ ስሙ ጠፍቷል። ወይ የስልኩ ነው፣ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ የሚሄደው፤ ወይ ደግሞ በዘመድ የሚቀጣጠሩ ሰዎች ቡድን ነው። "ኔትወርክ ሥሩ" ሲባል ብዙ ተመራቂ ፊቱን የሚያጨፈግገው ለዚህ ነው፤ እኔም አጨፈግግ ነበር። እዚህ የማወራው ግን ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ሰው ስለማብዛት ነው። ለዚህ ዘመድ አያስፈልግም። እግር፣ ደብተርና ትንሽ ድፍረት ያስፈልጋል። አዎ፣ በዘመድ የሚቀጠር አለ፤ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን እሱን ስናማ ብቻ የምንውል ከሆነ በሰው ጥቆማ የሚያዘው ሌላው ሥራም ያመልጠናል።

ይህን የምጽፈው ኤክዚት (የመውጫ) ፈተናውን አልፈው፣ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ይዘው፣ "ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ማስታወቂያ ፊት ቆመው ለሚናደዱ ነው።

1. መጀመሪያ የከተማዋን ካርታ ሥሩ

ተመራቂ ሁሉ ሦስት ነገር ብቻ ያስባል፦ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ። ሐዋሳ ውስጥ ግን የሕግ ሰው የሚቀጥረው ከዚያ በላይ ነው። ወረቀት አውጡና ጻፉ።

ፍርድ ቤቶችና ፍትሕ ቢሮው የታወቁ ናቸው። ከዚያ ባንኮች አሉ። የብድር ውል፣ የመያዣ ምዝገባ፣ ያልተመለሰ ብድር ሲኖር ባንኩ መያዣውን ራሱ በሐራጅ የሚሸጥበት ሥርዓት (አዋጅ ቁጥር 97/1990)፣ ይህ ሁሉ የሕግ ባለሙያ ይፈልጋል። ከማይክሮፋይናንስነት ወደ ባንክነት ያደጉት ሲዳማ ባንክና ኦሞ ባንክም አሉ። ኢንሹራንሶች አሉ፤ የመኪና አደጋ ካሳ ክርክር አያልቅባቸውም። ገቢዎች፣ መሬት አስተዳደር፣ ማዘጋጃ ቤት አለ። ከሐምሌ 2008 ጀምሮ የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ እዚያ "የሕግ ባለሙያ" ተብሎ ባይለጠፍም የሰው ኃይል ክፍሉ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እኔ የማውቃት አንዲት የባቼ (አብራኝ የተመረቀች) ልጅ በሰው ኃይል ባለሙያነት ገብታ ከዓመት በኋላ የስንብት ክርክሮችን የምትይዘው እሷ ሆነች። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሐዋሳ ጽሕፈት ቤት አለው፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እዚህ ይሠራል። በግል የሚሠሩት ጠበቆች ደግሞ ብዙዎቹ ማስታወቂያ ለጥፈው አያውቁም። ሰው ሲያስፈልጋቸው ሰው ይጠይቃሉ። በሰው በኩል መሄድ ከሁሉም በላይ የሚሠራው እነሱ ጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐዋሳን የሚመለከት ነገር አለ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ በሰኔ ክልል ሆነ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ፣ እዚህ የነበሩት ቢሮዎችም ተነሥተው ሄዱ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኪሳራ ብቻ ያየዋል፤ እውነት ነው፣ ከተማዋ ቢሮ አጥታለች። ግን ከእናንተ ሦስትና አራት ዓመት ቀድመው የተመረቁ፣ ሐዋሳ የተማሩ ልጆች ዛሬ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕና ተቀምጠዋል። ዝርዝራችሁ በሐዋሳ ቀለበት መንገድ እንዳያልቅ።

ቋንቋም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ሲዳምኛ የማትችሉ ከሆነ በክልሉ ፍርድ ቤትና ፍትሕ ቢሮ በኩል መንገዱ ይጠባል፣ ይህን ሰው ሳይነግራችሁ እወቁት። ወይ መማር ጀምሩ፣ ወይ ባንክና ድርጅት ላይ አተኩሩ። የምትችሉ ደግሞ ሲቪያችሁ ላይ ከስማችሁ ቀጥሎ እንዲታይ አድርጋችሁ ጻፉት፤ "ቋንቋ" ተብሎ መጨረሻ ላይ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

2. የምታውቁትን ሰው ቁጠሩ

"እኔ ማንንም አላውቅም" የሚል ተመራቂ ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ሠላሳ ሰው አያጣም። አምስት ዓመት ተምራችኋል እኮ።

ደብተር ግዙ። ስም፣ የት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደምታውቁት፣ መቼ እንዳናገራችሁት፣ ምን እንዳላችሁ። አምስት ዓምድ ይበቃል። ከዚያ እነዚህን አስቡ፦ ኤክስተርንሺፕ (የተማሪ የተግባር ልምምድ) የወጣችሁበት ቢሮ ኃላፊ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አማካሪ፣ ጽሑፉን የፈተኑት ሌላው መምህር፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ አብራችኋቸው የሠራችሁ ሰዎች፣ በምስለ ችሎት ውድድር ዳኛ ሆነው የተቀመጡ። ከመምህራኖቻችሁ መካከል ጥብቅና የሚሠሩም አሉ፤ እነሱ ግሬዳችሁን ብቻ ሳይሆን አጻጻፋችሁን ያውቃሉ።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅሟችሁ ግን ትልልቆቹ ሰዎች አይደሉም። ከእናንተ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የቀደሙት ሲኒየሮች ናቸው። ሥራ መፈለግ ምን እንደሚመስል አልረሱም። የጽሑፍ ፈተናው ምን ዓይነት እንደሆነ ያስታውሳሉ። እነሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ደግሞ የለቀቁት ወንበር ክፍት ነው፣ ይህንን ከአለቃቸው ቀጥሎ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሬጅስትራሮችን (የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊዎችን)፣ የችሎት ጸሐፊዎችን፣ የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊዎችን አትርሱ። ማን ሥራ እንደበዛበት፣ ማን ረዳቱ እንደለቀቀ ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው። የፎቶ ኮፒውን ልጅ ነገር ነግሬያችኋለሁ።

3. እጃችሁ ላይ የሚታይ ነገር ይኑር

ሰው ከማናገራችሁ በፊት ወረቀታችሁ ይዘጋጅ፤ አንዱ "ነገ ማስረጃሽን ይዘሽ ነይ" ሲል ሩጫ እንዳይሆን። ቴምፖራሪ፣ የውጤት ማስረጃ (ስቱደንት ኮፒ)፣ የኤክዚት ውጤት፣ መታወቂያ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ሲቪ። ዋናው ዲግሪ በኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ምክንያት ገና ከሆነ አትጨነቁ፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን የጽሑፍ ናሙና ነው፣ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሲቪያችሁ ከሌላው ሃምሳ ተመራቂ ሲቪ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያው ዩኒቨርሲቲ፣ ያው ኮርስ፣ ያው "ጠንካራ የቡድን ሥራ ክህሎት"። የምትለዩት በምትጽፉት ነው። አንድ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ምረጡ። ሰበር አምስት ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ ጠበቃው ጠዋት ተነሥቶ የሚያገላብጠው ይህንን ነው። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፣ ኢንተርኔት ላይም ይገኛሉ።

ሁለት ገጽ ጻፉ፣ አይብለጥ። ጉዳዩ ምን ነበር፣ ጭብጡ ምን ነበር፣ ችሎቱ ምን አለ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ። በአማርኛ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ተምራችሁ በአማርኛ ክስ መጻፍ አለመቻል የብዙ አዲስ ተመራቂ ችግር ነው፣ ቀጣሪዎችም ያውቁታል። "ኮንሲደሬሽን"ን (በእንግሊዝ ሕግ ውል እንዲጸና ተዋዋዮቹ የሚለዋወጡትን ዋጋ) ምን ብላችሁ እንደምትጽፉት ስትጨነቁ ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ምክንያቱም በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የለም። ይህንን ቤታችሁ ሆናችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ውሳኔውን ስትመርጡ የምታናግሩትን ሰው አስቡ። ባንክ ከሆነ የመያዣ ጉዳይ፣ ፓርኩ ከሆነ የስንብት ጉዳይ፣ የቤተሰብ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ከሆነ የጋራ ሀብት ክፍፍል። ሦስት አራት ናሙና ካላችሁ ለሁሉም ትደርሳላችሁ። በኤክስተርንሺፕ ጊዜ ያረቀቃችሁትን ማመልከቻ ናሙና ማድረግም ይቻላል፣ ግን የባለጉዳዩን ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና አድራሻ አጥፉ። የሰው ምስጢር ይዞ ሥራ የሚጠይቅ ልጅ የእነሱንም ምስጢር ያወጣል ብለው ያስባሉ፣ ልክም ናቸው።

4. ችሎት ግቡና ተቀመጡ

ነፃ ነው። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በዝግ እንዲታይ ከተባለው በስተቀር። ሆኖም ከተመረቀ በኋላ ለራሱ ብሎ ችሎት የገባ ልጅ ስንት አይታችኋል?

አንድ ችሎት ምረጡ፣ ብዙ አትበታተኑ። በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ለአንድ ወር። ስልክ ይጠፋል፣ ልብስ ይስተካከላል፣ ደብተር ይያዛል። ማን ምን ተከራከረ፣ ዳኛው ምን ብለው አቋረጡት፣ የትኛው ጠበቃ መዝገቡን አንብቦ መጣ፣ የትኛው ሳያነብ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች ሰላም ይሏችኋል። በሦስተኛው "ልጄ፣ የማን ጉዳይ ነው የምትከታተሉት?" የሚል አዛውንት ጠበቃ አይጠፋም። በዚያ ሰዓት መልሳችሁ አጭር ይሁን፦ "ዘንድሮ ነው የተመረቅሁት፣ ሥራ እስካገኝ ችሎት እየተማርኩ ነው።" ሌላ ምንም አትጨምሩ። ቀሪውን እሳቸው ይጠይቃሉ።

ጥንቃቄ። ዳኛን ኮሪደር ላይ ይዛችሁ በእጃቸው ስላለ መዝገብ አትጠይቁ። ለመማር ብላችሁ ቢሆንም አያምርም፣ እሳቸውንም ችግር ውስጥ ይከታል። ዳኛ ማናገር ከፈለጋችሁ በሬጅስትራር በኩል ጠይቁ፣ የምትጠይቁትም ስለ ሙያው ይሁን።

ጊዜው ላይ አንድ ክፉ ነገር አለ። ተማሪ የሚመረቀው ሰኔና ሐምሌ ነው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ይዘጋሉ፣ ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል። የክልሎቹም የክረምት ዕረፍት አላቸው። በትኩስ ጉልበታችሁ ስትወጡ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ክረምቱን ለናሙና መጻፊያና ለቡና ቀጠሮ አድርጉት፤ ጠበቆች ትንሽ ፋታ የሚያገኙት ያኔ ነው። ጥቅምት ሲጠባ ችሎት።

5. ደውሉ፣ ግን ሥራ አትጠይቁ

ይህ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። በቴሌግራም እንዲህ የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል፦

"ሰላም እህቴ ሕግ ተመርቄ ነበር ሥራ ካለ አስታውሺኝ"

ምን ልመልስለት? የምሰጠው ሥራ የለኝም። "እሺ" ብዬ እረሳዋለሁ። ክፋት አይደለም፤ ምንም የምይዘው ነገር ስላልሰጠኝ ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚችል፣ ከእኔ ምን እንደሚፈልግ አላወቅሁም። ሥራ መስጠት ከባድ ጥያቄ ነው። ሃያ ደቂቃ መስጠት ግን ቀላል ነው፣ ሰውም ስለ ሙያው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

እንዲህ ቢሆንስ?

"ጤና ይስጥልኝ። ስሜ እንትና ይባላል፣ ዘንድሮ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄያለሁ። ስልክዎን የሰጡኝ መምህሬ ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ በውርስ ጉዳይ ሲከራከሩ ችሎት ነበርኩ፣ የይርጋ መቃወሚያውን ያቀረቡበትን መንገድ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እኔም በዚሁ ጉዳይ አንድ የሰበር ውሳኔ ላይ ሁለት ገጽ ጽፌ አንድ ነገር አልገባኝም። በሚመችዎ ቀን ቢሮዎ መጥቼ ሃያ ደቂቃ ብጠይቅዎ ደስ ይለኛል።"

ማን፣ ከየት፣ በማን በኩል፣ ምን አይቼ፣ ምን ፈልጌ። ይኸው ነው። ውሸት ግን አይግባበት፤ ያልገባችሁበትን ችሎት ገባሁ ካላችሁ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትጋለጣላችሁ።

ሰዓቱ። ጠዋት ከ3 እስከ 6 ጠበቃ ችሎት ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ዓርብ የምሳው ሰዓት ረዘም ስለሚል ያኔ አትደውሉ። ካልተነሣ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ከዚያ አምስት ቀን ዝምታ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ መሞከር። በሦስተኛው ዝም ካሉ ተዉት፣ ቂም አትያዙ። የድምፅ መልእክት ለማታውቁት ሰው አትላኩ፣ በተለይ ሦስት ደቂቃ የሚረዝም። ኢሜይልን በተመለከተ፣ ባንክና ድርጅት ላይ ይሠራል፤ የግል ጠበቃ ጋ ግን ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

"እንዴት አንድ ጀማሪ ትልቅ ሰው ያስቸግራል?" የሚል ይሉኝታ እንዳለ አውቃለሁ፣ እኛ ጋ ያደገ ሰው ሁሉ አለበት። ይሉኝታችሁን ለአነጋገራችሁ አድርጉት፣ ለመደወሉ አይሁን።

6. የቡናው ሃያ ደቂቃ

ቀጠሮ ካገኛችሁ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ቢሮ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ ቢሯቸው አካባቢ ያለ የጀበና ቡና። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ውስጥ ቀጠሮ አትያዙ፤ ሂሳቡም ይከብዳችኋል፣ ወሬውም ይበዛል። ለመክፈል ሞክሩ፣ አይፈቅዱላችሁም፣ ግን ሞክሩ።

መጀመሪያ ያዘጋጃችሁትን ጥያቄ ጠይቁ፣ የሰበሩን። እሱ ላይ ሲከራከሩ ስለእናንተ ብዙ ነገር ያያሉ። ከዚያ፦ ጀማሪ ሆነው የገቡት የት ነው? ዛሬ ጀማሪ ቢሆኑ ሐዋሳ ውስጥ ከየት ይጀምሩ ነበር? አዲስ ተመራቂ ሲያዩ ቶሎ የሚያስጠላዎት ምንድን ነው? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። አንዱ "ፊደል መለየት የማይችል ክስ" አሉኝ፣ በዚያው ዕለት ማታ ናሙናዬን ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ ሰባት ስህተት።

ሲቪያችሁን ካልተጠየቃችሁ አታውጡ። ሁለት ገጹን ግን "ጊዜ ካገኙ ቢያዩልኝ" ብላችሁ ትታችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ልትነሡ ስትሉ አንድ ጥያቄ አለች፣ ይህችን ከረሳችሁ ግማሹን ሥራ አልሠራችሁም፦ "ሌላ ማንን ባናግር ይጠቅመኛል ይላሉ? ስምዎን ጠቅሼ ብደውልስ?" አንድ ሰው ሁለት ስም ከሰጣችሁ፣ እነዚያ ሁለቱም ሁለት ሁለት ከሰጡ፣ ለማታውቁት ሰው መደወል የሚባል ነገር ያበቃል።

በዚያው ቀን አጭር ምስጋና ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ምክራቸውን ምን እንዳደረጋችሁት ንገሩ። "ያሉኝን መጽሐፍ አነበብኩ"፣ "እንትናን አናገርኳቸው፣ ሰኞ ኑ ብለውኛል"። ሰው የሚረዳው የረዳው ነገር የት እንደደረሰ ሲያይ ነው። አብዛኛው ተመራቂ ይህን አያደርግም፤ ምክሩን ይወስድና ይጠፋል፣ ከዚያ ከስድስት ወር በኋላ "ሥራ አለ ወይ" ብሎ ብቅ ይላል።

7. በነፃ መሥራት፦ እስከ የት?

እዚህ ጋ ቁስል አለኝ። ከተመረቅሁ በኋላ፣ ከፎቶ ኮፒው ልጅ ጥቆማ በፊት፣ መጀመሪያ የገባሁት ቢሮ "ልምድ ታገኚያለሽ" ብሎ አምስት ወር ያለ ክፍያ አሠራኝ። የባጃጁን እንኳ ከእናቴ ነበር የምቀበለው። ስወጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠየቅሁ፣ "ተቀጣሪ አልነበርሽም" አሉኝ። በሕግ ልክ ናቸው፣ ያ ነው የሚያናድደው።

ከዚያ የተማርኩት፦ በነፃ የምትሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ተነጋገሩ። እስከ መቼ (እኔ ከሦስት ወር በላይ አልመክርም)፣ ትራንስፖርት ይሸፈናል ወይ፣ ሲያልቅ ምን ዓይነት ደብዳቤ ይሰጣል። በጽሑፍ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነ በመልእክት "እንደተነጋገርነው" ብላችሁ አረጋግጡ። ሕግ ተምራችሁ ያለ ውል መሥራት ያሳፍራል።

በክፍያ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር እየተከፈለላችሁ መሆኑን ጠይቁ። ብዙ ማስታወቂያ "ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት" ይላል። ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ደብዳቤው ዋጋ ሲያጣ ማየት አትፈልጉም። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣትም ልምድና ፈተና ስለሚጠየቅ ልምዳችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወረቀት ይያዝ።

ፈቃድ ሳይኖራችሁ የራሳችሁን ባለጉዳይ መያዝ፣ ክፍያ ተቀብሎ መከራከር፣ አይሞከርም። ሕገ ወጥ ነው። የጎረቤት ክስ "በትንሽ ብር" መጻፍ የሚያጓጓ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ነገ ፈቃድ ስትጠይቁ ያ ታሪክ ይከተላችኋል። መሥራት ከፈለጋችሁ የዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትና የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበሩ አሉ፣ በጎ ፈቃደኛ ይቀበሉ እንደሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። እዚያ በቀን የምታናግሩት ባለጉዳይ ብዛት ጠበቃ ቢሮ በወር የማታገኙት ነው።

8. ማስታወቂያ ሲወጣ

ቴሌግራም ላይ የሥራ ቻናሎችን ተከተሉ፣ አዲስ ዘመንና ሪፖርተርን ተመልከቱ፣ የየቢሮውን ሰሌዳም በእግራችሁ ዙሩ። ማስታወቂያው "0 ዓመት" ካለ በዚያው ቀን ተመዝገቡ፣ የመጨረሻው ቀን ሰልፉ አይጣል ነው።

ከዚያ ደብተራችሁን ክፈቱ። እዚያ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው አለ? በሰው የሚያውቀውስ? ደውሉና ክፍሉ የሚሠራው ምን ምን እንደሆነ፣ የጽሑፍ ፈተናው ክስ ማርቀቅ ይሁን አጭር ጥያቄ፣ ባለፈው ዓመት የትኛው ሕግ ላይ እንዳተኮረ ጠይቁ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። "ፈተናውን አውጣልኝ" ግን ሌላ ነገር ነው። "ይህን ያህል ብር ካመጣችሁ አስገባችኋለሁ" የሚል ጉዳይ ገዳይም ይመጣል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ን ፈተና ላይ ጽፋችሁ ያለፋችሁ ሰዎች ናችሁና አላብራራም።

ባንክ ከሆነ ዋስ ይጠየቃል። ተቀጥረው ደመወዝ የሚያገኙ፣ ለእናንተ ዋስ ሊሆኑ የሚችሉ ዘመዶችን አሁኑኑ አስቡ። ፈተናውን አልፎ ዋስ ፍለጋ ሁለት ሳምንት የተንከራተተ ልጅ አውቃለሁ።

9. ለሴቶቹ ለብቻ

ቀጠሮ በቀን፣ ቢሮ ውስጥ ወይም ሰው ባለበት ቦታ። "ማታ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን እናውራ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስለ ሥራችሁ እያሰበ አይደለም። "ቀን ላይ ቢሮዎ ብመጣ ይሻለኛል" ማለት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝ ምንም አላጣችሁም። የት እንደምትሄዱ ለአንድ ጓደኛ ተናገሩ። ሴት ጠበቆችንና ሴት ዳኞችን ደግሞ በተለይ ፈልጉ፤ እኔን እስከ ዛሬ ድረስ በስልክ የሚያማክሩኝ ሁለቱም ሴቶች ናቸው።

10. ባቻችሁ ተፎካካሪ ብቻ አይደለም

እኛ አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኝ ነበር፣ አቶቴ ሰፈር አንዷ ቤት። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሰበር ውሳኔ ያቀርባል፣ ከዚያ የሳምንቱን ወሬ እንለዋወጣለን፦ የት ማስታወቂያ ወጣ፣ ማን ለቀቀ፣ የትኛው ቢሮ ደመወዝ ያዘገያል። ሕጋችን አንድ ነበር፣ ወሬ የሚደብቅ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ሦስታችን ተፈተንን፣ አንዱ አለፈ፣ ሁለታችን ደግሞ ስለ ፈተናው ያወቅነውን ይዘን ሌላ ቦታ ሄድን። አምስታችንም ሥራ ለመያዝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብን። ረጅም ነው፤ አላሳምረውም።

የምታውቋቸውን ሰዎች በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሳችሁ በሏቸው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለዒድ፣ ለገና፣ እንደየእምነታቸው። ለሁሉም የሚላክ የአበባ ሥዕል ሳይሆን ስማቸውን ጠርታችሁ አንድ መስመር። ሐዘን ሲደርስባቸው ለቅሶ ሂዱ። ለቅሶ ቤት ስለ ሥራ አይወራም፣ ትንፍሽ አትበሉ፣ ሄዳችሁ ተቀመጡ።

ሥራ ስትይዙ በደብተሩ ላይ ላሉት ሁሉ ደውሉ፣ ምንም ላልረዱትም። የት እንደገባችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ ንገሯቸው። እኔ ስደውል አንዷ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኛ ጋ ደግሞ በሚመጣው ወር ሰው እንፈልጋለን፣ ከጓደኞችሽ ማን አለ?" አለችኝ፣ የቅዳሜው ቡድን አራተኛ ልጅ ሥራ የገባችው በዚያ ስልክ ነው። የፎቶ ኮፒው ልጅ ጋ ግን አልደወልኩም፣ ስልኩ አልነበረኝም። ግማሽ ኪሎ ሙዝ ይዤ ሄድኩ፣ ሳቀብኝና የዕለቱን ኮፒ በነፃ አነሳልኝ።